ዴሊቨሪ ላውንደሪ ወይስ ሰልፍ ሰርቪስ? የትኛው እንደሚረክስ በራሳችሁ ልብስ የምታሰሉበት መመሪያ

«መጥተው ወስደው አጥበው የሚያመጡት ይሻለኛል ወይስ ራሴ ሄጄ ማሽን ላይ ላጥብ?» የመጀመሪያውን ዴሊቨሪ፣ ሁለተኛውን ሰልፍ ሰርቪስ እንበለው። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ቤቱ ማሽን የሌለው፣ ማሽኑ የተበላሸበት፣ ቤት የቀየረ፣ ሁሉም ይጠይቃል። በአንድ ቃል የማልመልሰው አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በማሽን ስለሚያስከፍል ነው። አንዱ ማድረቁንና ማጠፉን ጨምሮ ነው ዋጋ የሚነግራችሁ፣ ሌላው ማድረቂያውን በደቂቃ ይሸጥላችኋል። ስለዚህ የተለጠፈውን ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የትም አያደርስም።

የሚያዋጣው ሁለቱንም ወደ አንድ ቁጥር መመለስ ነው፦ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ቁም ሳጥን የገባ 1 ኪሎ ልብስ በጠቅላላ ስንት ፈጀ? ይህን ቁጥር ለሁለቱም ካገኛችሁ ቀሪው ቀላል ነው። ከታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ቁጥር የሚወስድ መንገድ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በምሳሌዎቹ ውስጥ የምትጽፉት ዋጋ የእናንተን ነው። እኔ የተጠቀምኩባቸው የገንዘብ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የያዝኳቸው ናቸው፣ የየትኛውም ቦታ ዋጋ አይደሉም።

የሚያስፈልጋችሁ

- ሚዛን። ሻንጣ የሚመዘንበት ተንጠልጣዩ በጣም ይመቻል። ከሌለ የሰው ሚዛንም ይሠራል።
- ሁለት ጠንካራ ከረጢት። አንዱ ለቀላል ልብስ፣ ሌላው ለፎጣና ለአንሶላ።
- ስልክ። ለሰዓት፣ ለካሜራና ለሒሳብ።
- ወረቀት፣ ወይም ስልክ ላይ ማስታወሻ።
- ፈሳሽ ሳሙና በትንሽ ጠርሙስ። ሙሉ ጀሪካን ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ፣ ደግሞም ቦታው ላይ በትንንሽ እሽግ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከሱቁ ይወደዳል።
- ለማሽኑ ዝርዝር ሳንቲም ወይም ካርድ፣ የትኛውን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ።

1. የአንድ ዙር ልብሳችሁን ሰብስቡና ለዩ

አንድ ዙር የምለው ካጠባችሁበት ቀን እስከሚቀጥለው የማጠቢያ ቀን የሚጠራቀመውን ነው። ለአንዱ ሳምንት ነው፣ ለሌላው ሁለት ሳምንት። «በአማካይ ይህን ያህል ይሆናል» ብላችሁ በግምት እንዳትጀምሩ፤ ሰው የራሱን ልብስ ክብደት ሲገምት ሊያሳንስ ይችላል።

በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ቀላል ልብስ፦ ቲሸርት፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ ሸሚዝ። ሁለተኛው ከባዱ፦ ፎጣ፣ አንሶላ፣ ጂንስ፣ ወፍራም ሹራብ። ሦስተኛው ማሽን የማይወደው፦ ሱፍ፣ ሐር፣ ኮት፣ የሚያጌጥ ጥልፍ ያለበት። ሦስተኛውን ከስሌቱ አውጡት፣ ምክንያቱም በሁለቱም መንገድ ለብቻው ነው የሚስተናገደው። ካላወቃችሁ ልብሱ ውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ እዩ። አራት ማዕዘን ውስጥ ክብ ካለ የማድረቂያ ማሽን ማለት ነው፤ በላዩ ላይ ኤክስ ካለበት ማድረቂያ ውስጥ አይገባም። ገንዳ ውስጥ እጅ ከተሳለ በእጅ ብቻ ይታጠባል።

ቀላልና ከባድ ብላችሁ መለየታችሁ አሁን ትርፍ ሥራ ይመስላል። በኋላ ትልቁ ቁጠባ የሚመጣው ግን ከዚህ ነው።

2. ደረቁን መዝኑ

ከረጢቱን አንጠልጥላችሁ መዝኑ። የሰው ሚዛን ከሆነ ከረጢቱን ይዛችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ባዶ እጃችሁን ውጡ፣ ልዩነቱን ውሰዱ። ከረጢቱን ብቻውን መሬት ላይ ባለ የሰው ሚዛን ላይ መጣል አያዋጣም፤ ለትንሽ ክብደት በደንብ አያነብም፣ ከረጢቱም መስተዋቱን ይሸፍነዋል።

ለማነጻጸሪያ ያህል፦ አንድ ቲሸርት ከ130 እስከ 200 ግራም፣ ጂንስ ከ500 እስከ 800 ግራም፣ የገላ ፎጣ ከ400 እስከ 700 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሦስት ፎጣ ማለት በትንሹ ስድስት ቲሸርት ማለት ነው። በኪሎ በሚያስከፍል ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ደረቁን» ያልኩት በምክንያት ነው። ጠዋት ገላችሁን ታጥባችሁ የጣላችሁት ፎጣ ከረጢቱ ውስጥ እርጥብ እንዳለ ከገባ የምትከፍሉት ለጥጡም ለውሃውም ነው። እርጥብ ፎጣ ብቻውን ጥቂት መቶ ግራም ሊጨምር ይችላል፣ አጠገቡ ያለውንም ያረጥባል፣ ከረጢት ውስጥ ሲያድር ደግሞ ሽታው ከታጠበም በኋላ ላይለቅ ይችላል። ፎጣና የስፖርት ልብስ ቅርጫት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይሰጣ።

3. የዴሊቨሪውን ሙሉ ዋጋ አውጡ

የሚያስተዋውቁት በኪሎ ያለውን ዋጋ ነው። ደረሰኙ ላይ የሚመጣው ሌላ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱን ጻፉት፦

- የምታስከፍሉት በኪሎ ነው፣ በፍሬ ነው ወይስ በከረጢት?
- ዝቅተኛው ትዕዛዝ ስንት ኪሎ ነው? ከዚያ በታች ብልክ የዝቅተኛውን ዋጋ ነው የምከፍለው?
- የምትመዝኑት ስትቀበሉ ነው ወይስ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ? ክብደቱን ወደ ላይ ታጠጋጉታላችሁ? 10.2 ኪሎ 11 ተብሎ የሚጻፍበት ቤት አለ።
- የመውሰጃና የማምጫው ክፍያ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የአገልግሎት ክፍያና ታክስ ተጨምሮበታል?
- ነጭና ከለር ለይታችሁ ታጥባላችሁ? ለዚያ ትጨምራላችሁ?
- ሽታ የሌለው ወይም ለቆዳ የማይከብድ ሳሙና ብፈልግ ስንት ይጨምራል?
- በመጡበት ሰዓት ቤት ባልገኝ ቅጣት አለው?
- ልብስ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ እስከ ስንት ትከፍላላችሁ? በስንት ቀን ውስጥ ማመልከት አለብኝ?

የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ብዙ ቦታ የሚከፈለው ካሳ በልብሱ ዋጋ ሳይሆን ለእጥበት በከፈላችሁት ሒሳብ ልክ ነው የሚወሰነው፣ ለምሳሌ የእጥበቱን ዋጋ ይህን ያህል እጥፍ እየተባለ። ስለዚህ ውድ ልብስ ተራ ከረጢት ውስጥ አይግባ።

የአከፋፈሉ ዓይነት ራሱ የምትልኩትን ይወስናል። በፍሬ የሚያስከፍል ቤት ካልሲና የውስጥ ልብስ መላክ ገንዘብ መጣል ነው፤ ለሸሚዝና ለሱሪ፣ በተለይ ተተኩሶ ለሚመጣ፣ ግን ሊያዋጣ ይችላል። በከረጢት ከሆነ ልብሱን ጠቅልላችሁ እጭቅ አድርጋችሁ መሙላት ነው፣ ነገር ግን «ከረጢቱ ከዚህ ኪሎ መብለጥ የለበትም» የሚል ጣራ እንዳለው መጀመሪያ አረጋግጡ።

ወርሃዊ ደንበኝነትም አለ። «በወር ይህን ያህል ኪሎ» ይላችኋል፣ ሲካፈልም ርካሽ ይመስላል። ማካፈል ያለባችሁ በተፈቀደላችሁ ኪሎ ሳይሆን በእውነት በምትልኩት ነው። የወሩ 40 ኪሎ ሆኖ እናንተ 26 ብቻ ከላካችሁ፣ የወሩን ክፍያ ለ26 አካፍሉት። ያልተጠቀማችሁበት ወደሚቀጥለው ወር ይተላለፋል ወይስ ይቃጠላል? ይህንንም ጠይቁ።

4. ሰልፍ ሰርቪሱን አንድ ጊዜ ሄዳችሁ እዩት

ከረጢት ሳትይዙ ሂዱ። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የማሽኖቹን መጠንና ዋጋ ፎቶ አንሱ። ብዙ ጊዜ በር ወይም ግንባር ላይ በኪሎ ተጽፏል፦ 8፣ 11፣ 18፣ አንዳንዴም 27 ኪሎ። ይህ ቁጥር የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። ሙሉ ለሙሉ አምናችሁ እስከ አፉ አትሙሉት። ልብሱ ከላይ ወርዶ እየተመታ ካልተገለባበጠ አይጠራም፣ ስለዚህ ከፊት የሚከፈተውን ሦስት አራተኛ ያህል ሞልታችሁ፣ ከልብሱ በላይ መዳፋችሁ የሚገባበት ክፍተት መተው ነው።

ማድረቂያው ላይ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ክፍያ ስንት ደቂቃ ይሰጣል? «ማድረቂያ ርካሽ ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍያ 5 ወይም 10 ደቂቃ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን ነው። ልብሱ እስኪደርቅ ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ካርድ የሚጠቀሙ ከሆነ የካርዱ ዋጋ አለ ወይ፣ ዝቅተኛው መሙያ ስንት ነው፣ የተረፈው ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካርድ ላይ ተቀምጦ የቀረ ገንዘብ ወጪ ነው፣ ወረቀታችሁ ላይ ይግባ።

በመጨረሻ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት ጠይቁ። በአንዳንድ ቦታ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ዋጋው ይቀንሳል። ባይቀንስም ወረፋ አለመጠበቅ ራሱ ትርፍ ነው።

5. ወጪውን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡ

ሁለት ዓምድ አድርጉ። በዴሊቨሪው በኩል፦ ኪሎ በዋጋው ተባዝቶ፣ መውሰጃና ማምጫ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ጉርሻ ከሰጣችሁ ጉርሻው። በሰልፍ ሰርቪሱ በኩል፦ ማጠቢያ፣ ማድረቂያ፣ ሳሙና፣ ትራንስፖርት ደርሶ መልስ፣ ካርድ ላይ የቀረ። ከዚያ ሁለቱንም ለኪሎው አካፍሉ።

ምሳሌ እንሥራ። 10 ኪሎ ልብስ አለን፣ ነጭና ከለር።

ዴሊቨሪው በኪሎ 12 ያስከፍላል እንበል። 120 ሆነ። መውሰጃና ማምጫ 20። የአገልግሎት 10 በመቶ፣ ማለትም 12። ድምር 152። ለ10 ስናካፍል በኪሎ 15.2 ነው። ማስታወቂያው ላይ የነበረው 12 ነበር።

ሰልፍ ሰርቪሱ ላይ ነጭና ከለሩን ለይተን ሁለት ማሽን ያዝን፣ እያንዳንዱ 25፣ ድምር 50። ሁለት ማድረቂያ ለየ40 ደቂቃ፣ በየ10 ደቂቃው 4 እየከፈልን፣ 32። ሳሙና 6። ትራንስፖርት 16። ድምር 104፣ በኪሎ 10.4።

ልዩነቱ 48 ነው። አሁንም ግን ሥራው አላለቀም፣ ጊዜያችሁ አልገባበትማ።

6. ጊዜውን አስገቡ፣ ግን በትክክለኛው መንገድ

የተለመደው ምክር «የሰዓት ደመወዛችሁን አስልታችሁ አባዙት» የሚል ነው። እኔ አልወደውም። ቅዳሜ ከሰዓት ላውንደሪ ባትሄዱ ያንን ሰዓት ማንም አይከፍላችሁም። ነገሩን ገልብጡት፦ የዋጋውን ልዩነት ዴሊቨሪው በሚያተርፍላችሁ ሰዓት አካፍሉና ሰልፍ ሰርቪሱ በሰዓት ስንት «እየከፈላችሁ» እንደሆነ እዩ።

ከቤት ከወጣችሁበት እስክትመለሱና አጥፋችሁ እስክትጨርሱ 2 ሰዓት ተኩል ፈጀ እንበል። ዴሊቨሪው ደግሞ ለማዘጋጀት፣ ለመስጠትና ለመቀበል 20 ደቂቃ ይወስዳል። ልዩነቱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። 48ን ለዚህ ብናካፍል በሰዓት 22 ይመጣል። እንግዲህ ጥያቄው ግልጽ ሆነ፦ በሰዓት 22 ቢከፈላችሁ የራሳችሁን ልብስ ለማጠብ ትቀጠራላችሁ? አዎ የሚል አለ፣ በፍጹም የሚል አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ቁጥሩን አይተው እስከወሰኑ ድረስ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ የመጠበቂያ ጊዜን ነው። ማሽኑ እየሠራ ሌላ ጉዳይ የምትጨርሱ፣ የምታነቡ ወይም ስልክ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ያ ጊዜ ባክኗል አይባልም፤ የእጅ ሥራውን ብቻ ቁጠሩ። ልጅ ይዛችሁ ቆማችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ግን ሙሉውን ቁጠሩት። በዴሊቨሪውም በኩል መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት ቤት ቁጭ ብላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ያም ይቆጠራል። «ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው እንመጣለን» ከተባላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ተገለበጠ።

7. በትንሽና በብዙ ልብስ ደግማችሁ አስሉ

አብዛኛው ሰው እዚህ አይደርስም፣ ስለዚህ ይሳሳታል። አንድ ጊዜ ያሰላው ለሁልጊዜ ይመስለዋል።

በዚያው ዋጋ 4 ኪሎ ብቻ ቢኖራችሁና የዴሊቨሪው ዝቅተኛ ትዕዛዝ 8 ኪሎ ቢሆን፣ የምትከፍሉት የ8 ኪሎ ነው፦ 96፣ ሲደመር 20፣ ሲደመር 9.6፣ በድምሩ 125.6። በኪሎ ከ31 በላይ ሆነ! ሰልፍ ሰርቪሱ ላይ አንድ ማሽን 25፣ ማድረቂያ 16፣ ሳሙና 3፣ ትራንስፖርት 16፣ ድምር 60፣ በኪሎ 15። ሁለቱም ተወደዱ፣ ዴሊቨሪው ግን ባሰበት።

አሁን ደግሞ ከባዱን፣ 16 ኪሎ አንድ ዓይነት ከለር ያለው አንሶላና ፎጣ እንውሰድ። ዴሊቨሪው 192፣ 20 እና 19.2፣ በድምሩ 231.2። በኪሎ 14.45 ነው፣ ከ10 ኪሎው ብዙም አልወረደም። ሰልፍ ሰርቪሱ ላይ ግን ባለ 27 ኪሎውን አንድ ማሽን በ45 ያዝን፣ ሁለት ማድረቂያ ለየ50 ደቂቃ 40፣ ሳሙና 9፣ ትራንስፖርት 16። ድምር 110፣ በኪሎ 6.9 ገደማ።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዴሊቨሪው ይመዝናል፣ ማሽኑ አይመዝንም። ማሽኑን በልኩ በሞላችሁት ቁጥር ኪሎው ይረክሳል፣ ባዶ ባስኬዳችሁት ቁጥር ይወደዳል። ዴሊቨሪው ላይ ደግሞ ከዝቅተኛው ትዕዛዝ ካለፋችሁ በኋላ ብዙ መላክ የሚቆርጥላችሁ የማመላለሻውን ድርሻ ብቻ ነው።

8. ሁለቱንም ለየሥራቸው ተጠቀሙ

የሁለቱን ከረጢት ጥቅም አሁን ታዩታላችሁ። ፎጣ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ጂንስ በኪሎ ለሚያስከፍል ቤት አይሰጡም፤ ይከብዳሉ፣ ለማጠፍ ደግሞ ጊዜ አይወስዱም። አጠራቅማችሁ በሦስት ሳምንትም ይሁን በወር አንድ ጊዜ ትልቁ ማሽን ላይ ውሰዷቸው። ብዙ እጅ የሚፈልገው፣ ኪሎው ግን ትንሽ የሆነው ልብስ ነው ዴሊቨሪ የሚገባው። አንድ ኪሎ ቲሸርትና ካልሲ አጥፎ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜና አንድ ኪሎ አንሶላ ለማጠፍ የሚፈጀው ጊዜ አይገናኝም።

የሚያግዳችሁ ዝቅተኛው ትዕዛዝ ነው። ቀላሉ ልብስ ብቻውን እዚያ ካልደረሰ ሳምንት ቆዩ፣ ወይም አብሯችሁ ከሚኖር ሰው ጋር በአንድ ትዕዛዝ ላኩ። ስትደርቡ የየራሳችሁ ከረጢት ላይ ምልክት አድርጉ። አለዚያ ሲመለስ የካልሲ ፍለጋው ያጣላል።

9. አንድ ዙር በእውነት ሞክሩና አስተካክሉት

ወረቀት ላይ ያለው ግምት ነው። ሁለቱንም አንድ አንድ ጊዜ ሞክሩ፣ ደረሰኙንና ሰዓቱን ያዙ። ሰልፍ ሰርቪሱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፋለሰው የማድረቂያው ቁጥር ስለሆነ እሱን አጥብቃችሁ ተከታተሉ።

ጥጥ ልብስ በደንብ ተጨምቆ ወጥቶ እንኳ የደረቅ ክብደቱን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። 5 ኪሎ ፎጣ ከማጠቢያው ሲወጣ ተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ ስቀሉት። 8 ኪሎ ካነበበ 3 ኪሎ ውሃ በደቂቃ እየከፈላችሁ ልታተኑ ነው ማለት ነው። 9 ካነበበ ጭመቃው ደካማ ነበር። ማሽኑ ተጨማሪ የመጭመቂያ ዙር ካለው እሱን ማስደገም ብዙ ጊዜ ከተጨማሪ የማድረቂያ ደቂቃ ይረክሳል፣ ምክንያቱም ውሃን በጭመቃ ማውጣት በሙቀት ከማትነን እጅግ ያነሰ ጉልበት ነው የሚፈልገው።

ማድረቂያው ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት እያንዳንዱን ልብስ አራግፉት። ተጠቅልሎ የገባ አንሶላ ውጪው ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ውስጡም ካልሲ ሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ወፍራሙንና ስሱን ለያይታችሁ አድርቁ፣ አለዚያ ቲሸርቱ ደርቆ እያለ ለጂንሱ ስትሉ ደቂቃ ትገዛላችሁ። የማድረቂያውን ማጣሪያ፣ ያ ለስላሳ ብናኝ የሚጠራቀምበትን ወንፊት፣ ከመጀመራችሁ በፊት አጽዱት። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ላያጸዳው ይችላል፣ የታፈነ ማጣሪያ ደግሞ አየር ስለማያሳልፍ ደቂቃ ይበላል። ቤት ማስጫ ቦታ ካላችሁ ማድረቂያውን ጭራሽ መዝለል ትችላላችሁ፤ በምሳሌያችን 104 የነበረው ወደ 72 ይወርዳል። ግን እርጥቡን ተሸክማችሁ እንደምትመለሱ አስቡ፣ 10 ኪሎው ከ15 ኪሎ በላይ ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

የመጀመሪያ ትዕዛዝ ቅናሽን እንደ ዋጋ መውሰድ። ያ ዋጋ አንድ ጊዜ ነው፣ ስሌቱን በሁለተኛው ደረሰኝ ሥሩ።

ሳሙና ማብዛት። ብዙ ሳሙና ብዙ ንጽሕና አይደለም። ከፊት የሚከፈቱት ማሽኖች ውሃ የሚጠቀሙት ጥቂት ስለሆነ አረፋው ልብሱ ላይ ይቀራል፣ እንደገና ለማለቅለቅ ትገደዳላችሁ፣ ፎጣውም ይሻክራል። አረፋ ያነሰ፣ ለእነዚህ ማሽኖች የተሠራ ሳሙና ግዙ፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን መስመር ተከተሉ።

ማድረቂያን ማጨቅ። ሁለት ማድረቂያ ከመክፈል አንዱን ልሙላው ማለት ይመስላል ብልህነት፣ ግን አየር ካልተዘዋወረ ልብሱ አይደርቅም፣ ደቂቃውን መልሳችሁ ትከፍሉታላችሁ። ግማሽ ወይም ትንሽ ከግማሽ በላይ ይብቃው።

አስቸኳይ ማዘዝ። የዛሬውን ለዛሬ የሚባለው ተጨማሪ ክፍያ ወርሃዊ ቁጠባችሁን በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ነገ የሚለበሰውን ልብስ ከረጢት ውስጥ አለመክተት ነው መፍትሔው።

ሙቅ ውሃን በልማድ መምረጥ። በአንዳንድ ማሽን ሙቁ ይወደዳል። በጣም ላልቆሸሸ የዘወትር ልብስ ቀዝቃዛው ይበቃል፣ ከለሩም ብዙ አይለቅም። አንሶላ፣ ፎጣና የታመመ ሰው ልብስ ላይ ግን ሙቁን አትሰስቱ።

ማስጠንቀቂያ

ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛ ወይም የምግብ ዘይት የነካው ጨርቅ ማድረቂያ ውስጥ አይግባ። ዘይት የጠጣ ፎጣ ታጥቦም እንኳ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ላይወጣ ይችላል፣ በሙቅ ደርቆ ተከምሮ ሲቀመጥ ደግሞ ራሱን በራሱ አግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ማጋነን አይደለም፣ የላውንደሪ ቃጠሎ ከሚነሳባቸው መንገዶች አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ለዴሊቨሪም ሳትናገሩ አትስጡ።

ኪስ ፈትሹ፣ የሁሉንም። ላይተር፣ እስክሪብቶ፣ ቁልፍ፣ የጆሮ ማዳመጫ። በተለይ ባትሪ ያለው ነገር ማድረቂያ ውስጥ አደገኛ ነው።

ማሽን ውስጥ ልብስ ከመጨመራችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ከበሮውንና የበሩን ጎማ እጥፋት ዳብሱ። የሌላ ሰው እስክሪብቶ፣ ቀለም የለቀቀ ካልሲ ወይም የበረኪና ሽታ ካለ ማሽን ቀይሩ። በረኪና ቀርቶበት ከነበረ የእናንተ ጥቁር ሱሪ ላይ ነው የሚታየው። በረኪናን ከአሲድነት ካላቸው ማጽጃዎች ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ለዴሊቨሪ የምትሰጡትን ቆጥራችሁ፣ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ክብደቱንም ከሚዛኑ ላይ ፎቶ አንሱት። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ኪሎ ከእናንተ በግማሽ ኪሎ በላይ ከበለጠ ወዲያው ጠይቁ፣ ልብሱ ከተመለሰና ከተለበሰ በኋላ ማንም አይሰማችሁም። ሲመጣም መልእክተኛው ከመሄዱ በፊት ካልሆነም በዚያው ቀን ቁጠሩ፣ የማመልከቻው ቀን እንዳያልፍባችሁ።

ስሌቱን እንደገና የምትሠሩት ከሦስት አንዱ ሲለወጥ ነው፦ ዋጋ ሲጨምር፣ ቤት ስትቀይሩ፣ ወይም ቤት ውስጥ ሰው ሲጨመር ወይም ሲቀነስ። ወረቀቱን ካስቀመጣችሁት አሮጌውን ቁጥር ሰርዛችሁ አዲሱን መጻፍ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።